መሬቱ ከፍ ብሏል ሲባል ምን ልጠይቅ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው አገኘኋቸው። ስለ ካልዴራ። ካልዴራ ማለት አንድ እሳተ ገሞራ ከሥሩ ያለውን ማግማ (የቀለጠ ዐለት) በብዛት ተፍቶ ሲጨርስ፣ ጣሪያው ድጋፍ አጥቶ ወደ ውስጥ ሲደረመስ የሚፈጠር ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ ነው። አንዳንዱ በእግር የሚዞሩት ያህል ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከነከተሞቹ አሥር ኪሎ ሜትሮችን ይሸፍናል። ዓመቶቹን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ጣሊያን አገር፣ ከኔፕልስ አጠገብ ፖዙኦሊ በምትባል ከተማ ትኖራለች። “እማ፣ እዚህ መሬቱ በየወሩ ከፍ ይላል፤ ቤቱም አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል” አለችኝ። በቴሌቪዥንም “ግዙፉ እሳተ ገሞራ አበጠ” ሲሉ ሰማሁ። እንቅልፍ አጣሁ። መሬት ካበጠ መፈንዳቱ አይቀርም ማለት ነው? አንድ ሴንቲሜትር ከፍ ማለቱንስ በምን ያውቃሉ? ልጄን ነይ ልበላት? (አንዲት እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ ከመጀመሪያው ልነሳ። መሬት ማበጡ ብቻውን “ሊፈነዳ ነው” አያሰኝም። ብዙ ካልዴራዎች ያብጣሉ፣ ይሰምጣሉ፣ እንደገና ያብጣሉ፣ ከዚያም ለዓመታት ጸጥ ይላሉ። የልጅዎ ከተማ ደግሞ በዚህ ነገር በዓለም የታወቀች ናት።

ፖዙኦሊ ያለችው ካምፒ ፍሌግሬይ በሚባል ካልዴራ መሀል ነው። ከተማዋ ውስጥ ከሮማውያን ዘመን የቀረ የገበያ ፍርስራሽ አለ። ሦስት ረጃጅም የእብነ በረድ ምሰሶዎች እስካሁን ቆመዋል። ቀና ብሎ ያያቸው ሰው እስከ 7 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ በቀዳዳ ተበሳስተው ያገኛቸዋል። የበሷቸው ባሕር ውስጥ ድንጋይ ቦርቡረው የሚኖሩ ባለ ዛጎል እንስሳት ናቸው። ገበያው በደረቅ መሬት ተሠራ፣ ከመሬቱ ጋር አብሮ ሰምጦ ባሕር ገባ፣ ከዚያ ተመልሶ ወጣ። ይህ ሁሉ ሲሆን ምሰሶዎቹ አልወደቁም። እኔ በምድር ላይ ከዚህ የሚበልጥ የልኬት መዝገብ አላውቅም። መሣሪያ ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተጻፈ ነው።

አሁን ሦስት ታሪኮችን ጎን ለጎን ይዩልኝ።

የመጀመሪያው የ1538 ነው። ከዚያ በፊት መሬቱ ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ከፍ ሲል ቆይቶ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን ነገሩ ተፋጠነ። ባሕሩ ከዳርቻው ሸሸ፣ ዓሣው ደረቅ ላይ ቀረ። በሴፕቴምበር 29 ፈነዳ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞንቴ ኑኦቮ የሚባለው ኮረብታ በቀለ። አሁንም እዚያው አለ።

ሁለተኛው ከ1969 እስከ 1972፣ ከዚያም ከ1982 እስከ 1984 የሆነው ነው። መጀመሪያ ከ1.5 ሜትር በላይ፣ ቀጥሎ ወደ 1.8 ሜትር ተነሳ። የወደቡ ውሃ ስለሸሸ ጀልባዎች መጠጊያ አጡ። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የመሬት መንቀጥቀጦች ነበሩ። ወደ 40,000 ሰው ከቤቱ ወጣ። አልፈነዳም። ከ1984 ማብቂያ በኋላ መሬቱ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፣ እስከ 2005 ድረስም ወረደ።

ሦስተኛው አሁን ልጅዎ የምታየው ነው። ከ2005 ጀምሮ ከ1.3 ሜትር በላይ ተነስቷል። በ2024 እና በ2025 በወር ከ1 እስከ 3 ሴንቲሜትር ሲነሳ ነበር፤ ፍጥነቱ አንዴ ይጨምራል፣ አንዴ ይቀንሳል። በ2025 በመጠን 4.6 የተለኩ ሁለት መንቀጥቀጦች ደርሰዋል።

አንድ ቦታ ነው፣ አንድ ካልዴራ ነው። አንዴ ተነስቶ ፈነዳ፣ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ተመለሰ። ስለዚህ “ስንት ሴንቲሜትር?” የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትም አያደርስም። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ፍጥነቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ጉብታው መሀሉን ሳይለቅ ነው የሚያድገው ወይስ ወደ አንድ ወገን እየሄደ ነው? መንቀጥቀጡ ወደ ላይኛው ንብርብር እየቀረበ ነው? የሚወጣው ጋዝ መጠኑና ዓይነቱ ተለወጠ? ማግማ ወደ ላይ መንገድ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ አብረው ይለወጣሉ። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ቀን ከሌት የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። መሬቱን የሚያነሳው ማግማ ራሱ ነው፣ ወይስ በማግማው ሙቀት ግፊቱ የጨመረ ውሃና ጋዝ ነው የሚለውን ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። ሁለቱም እጅ እንዳለበት የሚያስቡ ብዙ ናቸው።

በምን ያውቃሉ ላሉት ደግሞ፣ በአንድ መሣሪያ ብቻ አይደለም። የጂፒኤስ ጣቢያዎች በኮንክሪት ላይ ተተክለው ያለማቋረጥ ይለካሉ። ከሁሉ በላይ ከፍታ የሚመዘገብበት ጣቢያ ያለው በአሮጌው የከተማዋ ክፍል፣ በሪዮኔ ቴራ ነው። ቲልትሜትር የሚባል መሣሪያ የመሬቱን መዘንበል ይይዛል። የአንድ ኪሎ ሜትር ዘንግ አንዱ ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል እንኳ አያመልጠውም። ወደቡ ላይ የባሕሩን ከፍታ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። ከሰማይ ደግሞ ሳተላይት አለ፣ እሱን ከዚህ በታች ላለው ጠያቂ እመልሳለሁ። ሁሉንም የሚከታተለው የቬሱቪየስ ኦብዘርቫቶሪ ነው። የተመሠረተው በ1841 ነው፣ በዓለም የመጀመሪያው የእሳተ ገሞራ መከታተያ ተቋም ነው። በየሳምንቱ ሪፖርት ያወጣል፣ ማንም ማንበብ ይችላል።

ነይ ልበላት ወይ የሚለውን ከልጅዎ ጋር ተነጋገሩበት፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ አልወስንላችሁም። ግን ሦስት ነገር ይጠይቋት። አንደኛ፣ ቤቷ ያለው በቀዩ ዞን ውስጥ ነው ወይ? በዚያ ዞን ወደ 500,000 ሰው ይኖራል። የጣሊያን መንግሥት ማስጠንቀቂያውን በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ከፍሎታል፤ ካምፒ ፍሌግሬይ ከ2012 ማብቂያ ጀምሮ ቢጫ ላይ ነበር። ቀይ ከታወጀ ዞኑ በ72 ሰዓት እንዲለቀቅ ዕቅድ አለ። የመሰብሰቢያ ቦታዋን ታውቀው። ሁለተኛ፣ ሕንፃው መንቀጥቀጥን ይቋቋማል ወይ? ይህ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። እዚያ የሚነሳው መንቀጥቀጥ ጥልቀቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ መጠኑ መካከለኛ ቢሆንም ከላይ ላለ ሰው ይከብዳል። ፍንዳታው ምናልባት በእሷ ዕድሜ ላይመጣ ይችላል፣ መንቀጥቀጡ ግን አሁን አለ። ሦስተኛ፣ ምድር ቤት ወይም አየር የማያገኝ ዝቅ ያለ ክፍል ውስጥ ከሆነች ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትጠይቅ። ሽታ የለውም፣ ከአየር ይከብዳል፣ ከታች ይጠራቀማል።

ጥያቄ፦ ቀያሽ ነኝ። በሌቭል መሣሪያ ሚሊ ሜትር ለማንበብ ስንት እንደምንለፋ አውቃለሁ። ታዲያ ከምድር በ700 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚበር ሳተላይት እንዴት አድርጎ ነው ሴንቲሜትር የሚያየው? ቀስተ ደመና የሚመስሉት ቀለሞችስ ምንድን ናቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ከሌቭልና ከስታፍ (ከመለኪያ ዘንጉ) ነው የጀመርኩት፤ ስለዚህ ግርምትህ ይገባኛል። ሳተላይቱ ራሱ ያለበትን ከፍታ በሴንቲሜትር እየለካ መሬቱን ቢቀንስ ኖሮ የማይሆን ነገር ነበር። የሚያደርገው ሌላ ነው።

ሳተላይቱ የራዳር ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፣ ተመልሶ የመጣውን ይቀበላል። ሞገዱ ሲመለስ በየትኛው የመወዛወዝ ደረጃ ላይ እንዳለ ይመዘግባል። ከዚያ ከቀናት በኋላ በዚያው መስመር ተመልሶ ያልፋል፣ ያንኑ ቦታ እንደገና ይመዘግባል። ሁለቱን መዝገቦች ነጥብ በነጥብ እናቀናንሳለን። መሬቱ በመሀሉ ወደ ሳተላይቱ ከቀረበ የሞገዱ መንገድ አጥሯል፣ ደረጃውም ተለውጧል። ስለዚህ ለካን የምንለው 700 ኪሎ ሜትሩን አይደለም፤ በሁለት ጉዞ መካከል የታየውን ልዩነት ብቻ ነው። ዘዴው ኢንሳር ይባላል፣ የሚወጣው ሥዕል ደግሞ ኢንተርፌሮግራም።

ቀለሞቹን ለማንበብ አንድ ቁጥር ይበቃሃል። ሴንቲኔል-1 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች የሚጠቀሙት ሞገድ 5.6 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት አለው። ሞገዱ ደርሶ መልስ ስለሚሄድ አንድ ሙሉ የቀለም ዙር የዚያን ግማሽ፣ 2.8 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ካልተነካው ዳር ጀምረህ ወደ መሀል ቀለበቶቹን ቁጠር። አምስት ቀለበት ካገኘህ መሀሉ ከዳሩ በ14 ሴንቲሜትር ተለይቷል። ጋዜጣ ላይ የወጣውን ሥዕል ይዘህ ራስህ መቁጠር ትችላለህ፤ መጀመሪያ ግን ሥዕሉ በየትኛው ሳተላይት እንደተነሳ እይ፣ ሞገዱ ይለያያልና። ቀለሙ ደማቅ ስለሆነ ብቻ አትደንግጥ። ቀይ ማለት አደጋ ማለት አይደለም፣ የዙሩ አንድ ክፍል ነው።

አሁን ቀያሽ ለቀያሽ ችግሮቹን ልንገርህ። ሳተላይቱ የሚያየው በጎን ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች አይደለም። ስለዚህ “ከፍ አለ” ያልከው ነገር ከፊሉ ወደ ጎን መሄድ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሳተላይቱ ወደ ሰሜን ሲሄድና ወደ ደቡብ ሲሄድ የተነሱትን ሁለት ሥዕሎች የምናጣምረው። ያኔ ቀጥ ያለውንና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለውን መለየት ይቻላል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደውን ግን በደንብ አያየውም። እሱን ጂፒኤስ ይሞላል።

ትልቁ ሌባ የአየር እርጥበት ነው። እርጥበት ሞገዱን ያዘገየዋል፣ የዘገየ ሞገድ ደግሞ የራቀ መሬት ይመስላል። ተራራ ላይ ከሆንክ ይብሳል። እርጥበቱ ከታች ይበዛል፣ ከላይ ያንሳል፤ በሁለቱ ቀናት መካከል ከተለወጠ የተራራውን ቅርጽ የተከተለ ውሸተኛ ጉብታ ይሠራልሃል። በአንድ ሥዕል ብቻ “አበጠ” የሚል ሰው ካጋጠመህ ጥንድ ሥዕሎቹን እስኪያበዛ ጠብቀው። ደን ያለበት ቦታም ያስቸግራል፣ ቅጠሉ ስለሚለዋወጥ መዝገቡ አይገጥምም። የጃፓኖቹ አሎስ ሳተላይቶች ወደ 24 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ሞገድ ስላላቸው ቅጠሉን አልፈው የተሻለ ያያሉ።

የሌቭሊንግ ሥራህን ግን አትናቅ። ሳተላይት በሌለበት ዘመን የካልዴራዎችን ታሪክ የያዙልን መንገድ ዳር የተተከሉ የቅየሳ ምልክቶች ናቸው። ለመጨረሻው ጠያቂ ስመልስ አሜሪካ ያለውን ካልዴራ፣ የሎውስቶንን አነሳለሁ፣ እሱን ደግሞ አንብብልኝ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ጂፒኤስ አለው። እሳተ ገሞራ አጠገብ አስቀምጬ መለካት አልችልም?

መልስ፦ አይሆንም። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት ሆኖ እንኳ በጥቂት ሜትር ይሳሳታል። ለምርምር የሚውለው ተቀባይ የሞገዱን ደረጃ ራሱን ይከታተላል፣ ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር ይነጻጸራል፣ ዐለት ላይ በብረት ዘንግ ይተከላል፣ ለዓመታት ካለበት አይነሳም። ያኔ ወደ ጎን ሚሊ ሜትሮችን ይለያል። ወደ ላይና ወደ ታች ሲለካ ስሕተቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ማግማው በስንት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ እንዳለ ሳይቆፍሩ፣ ጉብታውን ብቻ አይተው እንዴት ያውቃሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት፤ ሒሳቡ አንቺ ደረጃ ላይ ያለ ነውና።

ታሪኩ የሚጀምረው ጃፓን ነው። በ1914 ሳኩራጂማ የተባለው እሳተ ገሞራ በኃይል ፈነዳ። ሳኩራጂማ ያለው አይራ በሚባል ትልቅ ካልዴራ ጠርዝ ላይ ነው። ከፍንዳታው በኋላ ቀያሾች አካባቢውን እንደገና ሲለኩ፣ በካልዴራው ዙሪያ ያለው መሬት ሰፊ ቦታ ላይ ሰምጦ አገኙት። ወደ መሀል በቀረብሽ ቁጥር ስምጠቱ ይጨምራል። በ1958 ኪዮ ሞጊ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ይህን ልኬት ወስዶ በቀላል ሐሳብ አብራራው። ከመሬት በታች፣ በሚለጠጥ ዐለት ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ክብ ነገር ቢያብጥ ወይም ቢሟሽሽ ላዩ ምን ይመስላል? ለአይራ ያገኘው ጥልቀት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር።

ሐሳቡን በእጅሽ ሞክሪው። ቡጢሽን ከስስ አንሶላ ሥር ብታደርጊ ጉብታው ጠባብና ሹል ይሆናል። ያንኑ ቡጢ ከወፍራም ፍራሽ ሥር ብታስገቢ ጉብታው ዝቅ ያለና ሰፊ ይሆናል። የጉብታው ስፋት ጥልቀቱን ይናገራል።

በሞጊ ቀመር ከመሀሉ በራቅሽ ቁጥር ከፍታው እንዴት እንደሚቀንስ እንዲህ ነው፦ ርቀቱን አር፣ ጥልቀቱን ዲ በያቸው። ከፍታው ዲን ለ“ዲ ካሬ ሲደመር አር ካሬ፣ ወደ 1.5 ከፍ ብሎ” አካፍለሽ የምታገኚውን ይከተላል። ራስሽ ብታሰይው ከፍታው በግማሽ የሚወርድበት ርቀት የጥልቀቱ 0.77 እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ገልብጪው፤ ጥልቀቱ ከዚያ ርቀት 1.3 እጥፍ ነው። መሀሉ ላይ 40 ሴንቲሜትር ተነስቶ ከመሀሉ 3 ኪሎ ሜትር ላይ 20 ሴንቲሜትር ካገኘሽ፣ ምንጩ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። በዚያው ሐሳብ ወደ ጎን የተሄደው ወደ ላይ ለተነሳው ሲካፈል አርን ለዲ ማካፈል ይሆናል። ይህ ደግሞ ሁለተኛ ማረጋገጫሽ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው ጥንቃቄ የሚመጣው። ቀመሩ በጣም ስለሚያምር ሰው ያምነዋል፣ ከሚገባው በላይም ያምነዋል። ምንጩ ክብ ሳይሆን እንደ ሰፊ ዝርግ ቢሆንስ? ወደ ላይ ያለውን ልኬት ብቻ ከያዝሽ ሁለቱ ተመሳሳይ ጉብታ ሊሠሩ ይችላሉ፣ ጥልቀታቸው ግን ይለያያል። ወደ ጎን ያለው ልኬት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሌላም አለ። ትንሽ የማግማ ጎተራ በብዙ ግፊትና ትልቅ ጎተራ በትንሽ ግፊት ላዩ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ። ስለዚህ “ሥሩ ይህን ያህል ማግማ አለ” የሚል ዜና ከጉብታው ብቻ ሊወጣ አይችልም። ጉብታው የሚነግርሽ የተጨመረውን እንጂ ቀድሞ እዚያ የነበረውን አይደለም። የተጨመረውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ላይታይ ይችላል። ማግማው ውስጥ የጋዝ አረፋ ካለ አዲስ የገባው ያንን አረፋ ይጨምቃል፣ መሬቱ ደግሞ ከሚጠበቀው ባነሰ ይነሳል።

የገባው ማግማ ነው ወይስ ውሃና ጋዝ የሚለውን ለመለየት የስበት ልኬት ይረዳል። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር የምድር ስበት ይቀንሳል፤ ለአንድ ሜትር 309 ማይክሮጋል (የስበት መለኪያ አሃድ ነው) ገደማ። መሬቱ አንድ ሜትር ተነስቶ የስበት መለኪያው ግራቪሜትር ከዚያ ያነሰ ቅናሽ ካሳየ፣ ከሥር ክብደት ያለው ነገር ተጨምሯል ማለት ነው። ቅናሹ ልክ የሚጠበቀውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጋዝ ወይም እንፋሎት መጠርጠር አለበት። ሥራው አድካሚ ነው። መሣሪያው ለከርሰ ምድር ውሃ ከፍና ዝቅ ማለት እንኳ ስሜት አለው። ግን ከፍታንና ስበትን አብሮ የለካ ቡድን ከፍታ ብቻ ከለካው ይልቅ ብዙ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ጂኦፊዚክስን አስቢበት።

ጥያቄ፦ “ተጠንቀቁ፣ መሬቱ እየተነሳ ነው” ይላሉ። ሰው ይፈናቀላል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ከዚያ ምንም አይሆንም። ሌላ ቦታ ደግሞ ሳይታሰብ ይፈነዳል። ታዲያ ይህ ሁሉ ልኬት ምን ጥቅም አለው? ለሳተላይቱ የሚወጣው ገንዘብ ለሌላ ቢውል አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ለምን እንደሆነ በአንድ ከተማ ታሪክ ላስረዳ።

ራባውል በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ካልዴራ ውስጥ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ነበረች። በ1937 ፈንድቶ ወደ 500 ሰው ገድሏል። ከ1983 እስከ 1985 መንቀጥቀጡ በዛ፣ መሬቱ በፍጥነት ተነሳ። ባለሥልጣናት ማስጠንቀቂያውን ከፍ አደረጉ፣ የመውጫ ዕቅድ ወጣ፣ ሕዝቡ ተለማመደ። ከዚያ ሁሉም ነገር ቀዘቀዘ። አንተ ያልከውን ዓይነት ቅሬታ ያኔም ብዙ ሰው ሳይል አልቀረም፤ አልፈርድበትም፣ ኑሮ ነው።

በ1994 ሴፕቴምበር ተመልሶ መጣ። ከመጀመሪያው ኃይለኛ መንቀጥቀጥ እስከ ፍንዳታው የነበረው ጊዜ 27 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ቩልካን የተባለው የካልዴራው ክፍል ፍንዳታው ሊጀምር ሲል በሜትሮች ተነስቶ የባሕሩ ዳርቻ በዓይን የሚታይ ለውጥ አሳይቷል። ሕዝቡ በዚያች ሌሊት ከተማዋን ለቀቀ። ጠዋት ሁለት ቦታ ፈነዳ፣ አብዛኛው ከተማ በአመድ ተቀበረ። የሞተው ሰው ግን በጣም ጥቂት ነበር። 27 ሰዓት ለማያውቅ ሕዝብ ምንም አይደለም። ለዚያ ሕዝብ ግን በቃው፤ የ1937ን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ነበሩት፣ በ1980ዎቹ የተለማመደውንም አልረሳም። ያኔ “በከንቱ ተጨነቅን” የተባለው ጭንቀት ያተረፈው ሕይወት ነው።

ልኬት በተቋረጠበት ቦታ ምን እንደሚሆን ደግሞ የሎውስቶን ያሳያል። በ1923 መንገድ ተከትለው የቅየሳ ምልክቶች ተተከሉ፣ ተለኩ። ከዚያ በኋላ በዚያ መስመር የተመለሰ የለም። በ1975 እና በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት እንደገና ሲለካ ካልዴራው መሀል ከ70 ሴንቲሜትር በላይ ተነስቶ ተገኘ። በየትኛው ዓመት ተነሳ? ቀስ እያለ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ? ሄዶ ተመልሶ ነበር? ያ ሁሉ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ግን በየጊዜው ስለተለካ በ1980ዎቹ አጋማሽ መውረድ እንደጀመረ፣ ከ2004 በኋላ በዓመት እስከ 7 ሴንቲሜትር እንደተነሳ፣ ከዚያ እንደረገበ እናውቃለን። ስለዚህም ቀጣዩ መነሳት ሲመጣ ማን ልማድ እንደሆነ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ እንለያለን።

ልማድ የምለውን በቁጥር ልንገርህ። በጋላፓጎስ ሲዬራ ኔግራ የሚባለው ካልዴራ ከ2005 ፍንዳታው በኋላ ከ6 ሜትር በላይ ተነስቶ በ2018 እንደገና ፈነዳ። የግሪኩ ሳንቶሪኒ በ2011 እና በ2012 በ14 ሴንቲሜትር አካባቢ ተነሳ፣ ዓለም ተሸበረ፣ ሳይፈነዳ ቆመ። የሲዬራ ኔግራን 14 ሴንቲሜትር ማንም ዜና አያደርገውም። እያንዳንዱ ካልዴራ የሚነጻጸረው ከራሱ ታሪክ ጋር ነው። ታሪኩን የሚያውቅለት ደግሞ ጸጥ ባለበት ዘመን የለካ ሰው ብቻ ነው።

ለጠቅላላው ሥዕል በ2014 የታተመ አንድ ጥናት አለ። 198 እሳተ ገሞራዎችን በ18 ዓመት የሳተላይት መዝገብ ተመለከተ። ቅርጻቸው ከተለወጠው 54ቱ መካከል 25ቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፈንድተዋል፤ 46 በመቶ ማለት ነው። ቅርጻቸው ካልተለወጠው ውስጥ ደግሞ 94 በመቶው አልፈነዱም። የመጀመሪያው ቁጥር አንተን ይደግፋል ልትል ትችላለህ፤ ሳንቲም ወርውሮ እንደማየት ነው። ሁለተኛውን ግን ተመልከተው። ባለሙያዎች ጥቂት፣ መሣሪያ ውድ በሆነበት ዓለም “እነዚህን ለጊዜው ተዋቸው፣ በእነዚህ ላይ አተኩሩ” ማለት መቻል ትልቅ ነገር ነው።

ይህ በተለይ የሚያንገበግበኝ መሬት ላይ ጣቢያ የሌላቸውን ካልዴራዎች ሳስብ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው አሉቶ በ2004 እና በ2008 በእያንዳንዱ ጊዜ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር ገደማ ተነስቶ ነበር። በጊዜው ያየው የለም። የታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ተመራማሪዎች የተቀመጡ የሳተላይት ሥዕሎችን ሲያገላብጡ ነው። ጎረቤቱ ኮርቤቲ ከ2009 ጀምሮ ለዓመታት በዓመት 6 ሴንቲሜትር ገደማ ሲነሳ ቆይቷል፤ ያም በሳተላይትና በጂፒኤስ ተለክቷል። የሴንቲኔል-1 መረጃ ለማንም በነፃ የተከፈተ ነው። ግን ሥዕሉን በየጊዜው የሚያይ ሰው፣ ያየውን ደግሞ መሬት ላይ ሄዶ የሚያረጋግጥ ጣቢያ ያስፈልገዋል። የጂፒኤስ ጣቢያ ባትሪው ካልተቀየረ፣ የፀሐይ ሰሌዳው ካልተጠረገ በጥቂት ወራት ዝም ይላል። ካልዴራው የተነሳው በእነዚያ ወራት ከሆነ፣ መቼና በምን ፍጥነት እንደተነሳ ከጣቢያው ማወቅ አይቻልም።